ካልሲው ለምን ጥቁር ሆነ? የዩኒፎርም ደንብ ጠባይ እንዲያንጽ የሚደረግበት አካሄድ

ለዓመታት ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ። ሥራዬ ተማሪዎችን ከአንገት እስከ እግር ማየት ነበር። ሸሚዙ ሱሪ ውስጥ ገብቷል? ሹራቡ የትምህርት ቤቱ ነው? ካልሲው ጥቁር ነው? አንድ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነጭ ካልሲ አድርጎ መጣ። አስቆምኩት። ልጁ አልተቆጣም፣ አላሾፈም። የምሩን ነበር የጠየቀኝ። «መምህር፣ ካልሲው ግን ለምንድን ነው ጥቁር የሆነው?»

አሰብኩ። መልስ አጣሁ። «ደንብ ነዋ!» አልኩት።

በማግስቱ ጥቁር አድርጎ መጣ። ከዚያ በኋላ ግን በክፍልም ሆነ ከክፍል ውጭ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ካልሲውን አስተካከልኩ፣ ጠያቂውን ልጅ አጣሁት።

ይህን የምጽፈው በር ላይ ለሚቆሙ መምህራን፣ ለክፍል ኃላፊዎችና ለወላጅ ኮሚቴ አባላት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሕፃን አይደለም፤ ሙሉ ሰውም ገና አልሆነም። በዚህ ዕድሜ «ልበስ» ብሎ ማስለበስ ይቻላል፣ ጠባይ ግን በትእዛዝ አይለበስም። ጨርቅ በራሱ ምንም አያስተምርም። የሚያስተምረው በጨርቁ ሰበብ ትልልቆቹ ከልጆቹ ጋር የሚነጋገሩት ነገር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ብዙ አትጠብቁ

ዩኒፎርም ሲገባ ሁሉም ነገር እንደሚስተካከል የሚያስቡ አሉ። የአሜሪካን ልምድ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች የትምህርት ዲስትሪክት በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ ዩኒፎርምን ግዴታ አደረገ። ጥልና ጥፋት ቀነሰ ተብሎ ተወራ። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ራሳቸው በ1996 ለምክር ቤቱ ባደረጉት ዓመታዊ ንግግር የዩኒፎርምን ሐሳብ ደገፉ። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተከተሉ። በ1998 ግን ዴቪድ ብሩንስማ እና ኬሪ አን ሮክሞር የተባሉ ተመራማሪዎች የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን መረጃ መርምረው ጥናት አወጡ። ዩኒፎርም በአደንዛዥ ዕፅ አጠቃቀም፣ በባህሪ ችግርና ከትምህርት በመቅረት ላይ ቀጥተኛ ለውጥ ሲያመጣ አላገኙም።

ታዲያ ጥቅም የለውም ማለት ነው? አይደለም። ጠዋት «ምን ልልበስ» የሚለውን ጭንቀት ይቀንሳል። ከግቢ ውጭ ለጉብኝት ሲወጣ የማን ልጅ የት እንዳለ ይታያል። የልብስ ፉክክሩንም ረገብ ያደርገዋል። ረገብ ነው ያልኩት፤ ጫማና ስልክ ያው ማን ምን እንዳለው ይናገራሉ። ከዚያ በላይ የሆነውን ነገር ግን ራሳችን ነን የምንሠራው።

አንደኛ፦ ደንቡን ዘርዝሩና ከጎኑ «ለምን» ብላችሁ ጻፉ

ያለውን የአለባበስ ደንብ በሙሉ ወረቀት ላይ አስፍሩ። በቃል የሚነገረውንም ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቀው ያልተጻፈው ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

አንዳንዱ ቀላል ነው። ረጅም ፀጉር በቤተ ሙከራ ውስጥ ይታሰራል፤ እሳት አለ፣ አሲድ አለ። ወርክሾፕ ውስጥ ክፍት ጫማ አይደረግም፤ ብረት ይወድቃል። የጆሮ ጌጥ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ይወልቃል፤ ኳስ ቢመታው ጆሮ ይቀደዳል። በእነዚህ ላይ የሚከራከር ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሌሎቹ ጋ ስትደርሱ እስክሪብቶው ይቆማል። «ከሹራብ ላይ ጃኬት አይደረብም።» ለምን? በብርድ ጠዋትም? የምታገኙት መልስ «ድሮም እንዲህ ነበር» ብቻ ከሆነ በቀይ አክብቡት። ወይ ምክንያት ይገኝለት፣ ወይ ይሰረዝ። እኛ ስንጀምር 34 ነጥቦች ነበሩን። ስንጨርስ 19 ቀሩ። የተሰረዙት 15ቱ የበር ላይ ጭቅጭቁን አብዛኛውን ይዘው ሄዱ።

ቀጥሎ ቃላቱን መርምሩ። «ጨዋ አለባበስ»፣ «ተገቢ ያልሆነ»፣ «የተጋነነ» የሚሉት በዚያ ቀን በር ላይ የቆመውን መምህር ስሜት ተከትለው ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። በዓይን በሚታይ ነገር ተኳቸው። «ጉርድ ቀሚሱ ጉልበት ይሸፍናል» ብትሉ ተማሪዋ ቤቷ መስታወት ፊት ቆማ ራሷ ታውቀዋለች። ማስመሪያ ይዞ የልጅ ጉልበት የሚለካ መምህር ግን እንዳይኖር። ይህን የምለው አይቼው ስለማውቅ ነው፤ ለለካውም ለተለካችውም ውርደት ነበር።

ሌላም ነገር ቁጠሩ። ለሴቶች የተጻፈው ስንት መስመር ነው? ለወንዶችስ? የሴቶቹ እጥፍ ከሆነ ወረቀቱ ስለ አለባበስ ሳይሆን ስለ እኛ እየተናገረ ነው። ሴቶችም ሱሪ መምረጥ ይችሉ። የሃይማኖት ልብስና ምልክት፣ ሻሽም ይሁን ጥምጣም፣ በር ላይ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። ቀድማችሁ ጻፉት። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቆዳውን ለሚያሳክከው ልጅም ቀድማችሁ አስቡ።

ስለ ባጅና ምልክት አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ዲ ሞይን ከተማ ጥቂት ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት ለመቃወም ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው ትምህርት ቤት ሄዱ። ከትምህርት ታገዱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1969 ለተማሪዎቹ ተፈረደ። ከተማሪዎቹ አንዷ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ሕጉ በየአገሩ ይለያያል። ይሁን እንጂ ክንዱ ላይ ጨርቅ ያሰረ ልጅና ሱሪውን ማስተካከል የሰነፈ ልጅ አንድ ዓይነት ጥፋት አጥፍተዋል ብሎ መመዝገብ ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው አንድ ነገር ሊናገር ፈልጓል።

ሁለተኛ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

ዩኒፎርም እኩል ያደርጋል እንላለን። እኩል የሚያደርገው ሁሉም መግዛት ሲችል ነው። በአንድ ሱቅ ብቻ የሚሸጥ፣ አርማው ከጨርቁ ጋር የተሸመነ፣ ከተለመደው ቀለም ወጣ ያለ ልብስ ከመረጣችሁ ዋጋው ይወጣል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 በዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥታለች፤ ትምህርት ቤቶች ስለ ዩኒፎርም ዋጋ የወጣውን መመሪያ እንዲከተሉና አርማ ያለበትን ልብስ እንዲያሳንሱ የሚያደርግ ነው። ሕግ ሳትጠብቁ ማድረግ ትችላላችሁ። የትም የሚገኝ ቀለም ምረጡ። አርማውን ለብቻው አሠርታችሁ ቤተሰብ እንዲሰፋው ስጡ። ልብሱ ሲያልቅ አርማው ተፈትቶ ወደ አዲሱ ይሻገራል።

እድገቱንም አትርሱ። አንድ ጎረምሳ በዋናው የእድገት ዓመቱ 9 እና 10 ሴንቲ ሜትር ሊመዘዝ ይችላል። መስከረም ላይ ልክ የነበረ ሱሪ ከወራት በኋላ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው ከሱሪው ጫፍ ወደ ውስጥ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲያጥፍ በጽሑፍ ጠይቁ። እያደገ ያለን ልጅ «ሱሪህ አጥሯል» ብሎ መቅጣት ለምን አደግህ ማለት ነው።

ጨርቁን ደግሞ ናሙና አይታችሁ ብቻ አትምረጡ። ለአንድ ሳምንት ፈትኑት። ከእያንዳንዱ አማራጭ ሁለት ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ሌላውን አሥር ጊዜ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የለቀቀው፣ የተኮማተረው፣ ፍሬ ያወጣው ይለያል። ጥጥና ፖሊስተር ቅልቅል ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙ ካውያ አይፈልግም። ሙሉ ፖሊስተር ይሞቃል፣ የላብ ሽታም ይይዛል። ከወገብ በታች የሚለበሰው ጠቆር ያለ ይሁን፤ የወር አበባ የመጣባት ልጅ በነጭ ልብስ የምትሳቀቀው መሳቀቅ ቀለም በመምረጥ ብቻ የሚቀል ነው። ኮሚቴው ውስጥ ሴት ተማሪ ከሌለች ይህን የሚያነሳ ሰው አይኖርም።

ሦስተኛ፦ ተማሪዎቹን አስገቡ፤ የሚያስቸግረውንም ጭምር

ስምንት ወይም አሥር ተማሪ ይበቃል። ስህተቱ አመራረጡ ላይ ነው። ብዙዎቻችን አለቃዎቹን፣ አንደኛ የሚወጡትን፣ ሸሚዛቸው ሁሌ ተተኩሶ የሚመጣውን ልጆች እንሰበስባለን። እነሱ ከደንቡ ጋር ጠብ የላቸውም። በየሳምንቱ በር ላይ የሚያዘውን ልጅ ጥሩት። ሱሪዋን ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ ያስጠበበችውን ልጅ ጥሯት። ደንቡ የት ጋ እንደሚቆረቁር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የሚወስኑት እውነተኛ ነገር ስጧቸው። የበጀቱን ጣሪያና የደህንነት ነጥቦቹን እናንተ ያዙ። ቀለሙን፣ የሹራቡን ዓይነት፣ የሱሪውን ስፋት፣ መለዋወጫ ልብስ የሚቀመጥበትን መንገድ ለእነሱ ተዉት። ወስነው ሲያበቁ እኛ የምንሽረው ከሆነ ግን ባንጀምረው ይሻላል። አስመስሎ ማማከርን ጎረምሳ ከሩቅ ያሸተዋል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ሰው አንድን ነገር ከልቡ እንዲይዘው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ። በነገሩ ላይ የራሱ ፈቃድ ሊኖርበት፣ ሊችለው፣ ከሌሎች ጋርም ሊያስተሳስረው ይገባል። ዩኒፎርም ሦስተኛውን ያለ ድካም ይሰጣል። የመጀመሪያው በኮሚቴው ይመጣል። የሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ቀጥሎ የምለው ስለሱ ነው።

አራተኛ፦ «ንፁህ ሁኑ» አትበሉ፤ እንዴት እንደሚሆን አሳዩ

እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በገቡ በመጀመሪያው ወር ሁለት ክፍለ ጊዜ ውሰዱ። ወንዱም ሴቱም መርፌና ክር ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን ወንዶቹ ይሳሳቃሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷቸው ዝም ይላሉ።

በአዝራር ጀምሩ። ክሩን ደርቡና ጫፉን ቋጥሩ። መርፌውን ከጨርቁ ውስጥ ወደ ውጭ አውጡ። አዝራሩን አስቀምጡና ላዩ ላይ አንድ የክብሪት እንጨት አጋድሙ። ክሩን በእንጨቱ ላይ እያሻገራችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ስፉ። አሁን እንጨቱን ምዘዙት። አዝራሩን ወደ ላይ ሳብ ስታደርጉት ከሥሩ ላላ ያለ ክር ይታያል። እሱ ላይ የቀረውን ክር ሦስት አራት ጊዜ ጠምጥሙና ከውስጥ በኩል ቋጥሩ። አዝራሩ አንገት አወጣ ማለት ነው። ጨርቁ ሳይጨማደድ ይቆለፋል፣ ቶሎም አይበጠስም።

ቀጥሎ ሱሪ ማስረዘም። የታጠፈውን ፍቱ፣ አዲሱን ልክ በመርፌ ቁልፍ ያዙ፣ ከውጭ እንዳይታይ ከጨርቁ አንድ ሁለት ክር ብቻ እየነካችሁ ስፉ። የድሮው እጥፋት መስመሩን ይተዋል። ነጭ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥናችሁ መስመሩን አርጥቡት፣ ስስ ጨርቅ ደርባችሁ ተኩሱት። ኮምጣጤው ቀለም እንዳያስለቅቅ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት።

የሸሚዝ አንገት ጥቁር መስመር ሳምንት ከቆየ በቀላሉ አይለቅም። ያው ማታ አርጥቦ በሳሙና ማሸትና ትንሽ ማቆየት ነው። ፖሊስተር ያለበትን ነጭ ሸሚዝ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ ቢጫ ሊያደርገው ይችላል። ልጆቹ በረኪና የሚጠቀሙት ይበልጥ ነጭ እንዲሆን ነው፣ ከዚያ «ሸሚዝህ ቆሽሿል» ይባላሉ።

ይህ የቤት አያያዝ ትምህርት መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ልጅ ማታ የሸሚዙን አንገት ያጠበው ነገ ስለሚፈልገው ነው። የነገውን ራሱን ዛሬ አሰበለት። ኃላፊነት የሚለውን ቃል በሰልፍ ላይ መቶ ጊዜ ከመስማት እጁ ይህን አንዴ ቢሠራው ይሻለዋል።

አምስተኛ፦ በር ላይ ጠይቁ፣ ከዚያ ፍረዱ

መጀመሪያ ሰላምታ። ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። «ደህና አደርሽ። ሹራቡ ዛሬ የለም፤ ምን ገጠመሽ?» ድምፃችሁ ለእሷ ብቻ ይሰማ። ከኋላ የቆሙት መስማት የለባቸውም።

መጠየቅ ለምን እንደሚቀድም ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ ሸሚዙ የተጨማደደ ተማሪን ሰው ፊት አንጓጠጠው። በኋላ ሲጣራ ልጁ ማታ ራሱ አጥቦት ስላልደረቀ እርጥቡን ለብሶ ነው የመጣው። እንድናስተምረው የምንፈልገውን ነገር በትክክል አድርጎ ነበር። የተሰደበው ለዚያ ነው።

የምታገኙት መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው። የለኝም። ረሳሁ። አልፈልግም። ሦስቱን በአንድ ቅጣት መጨረስ ይቀላል፤ ግን ሦስቱም የተለያዩ ናቸው።

«የለኝም» ላለው መዝገብ አትክፈቱ። የመለዋወጫ ቁም ሣጥን ይኑራችሁ። ከተመረቁት የተሰበሰበ፣ የታጠበ፣ በልክ የተደረደረ። ልጁ ከሱ ወስዶ ይልበስ፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቁም ሣጥኑ ላይ «ለችግረኞች» ብሎ መጻፍ አይገባም። ሁሉም የሚጠቀምበት ከሆነ ማንም አያፍርበትም። እኛ ዝናብ የመታቸውንና ቀለም የፈሰሰባቸውን ሁሉ ወደዚያው ስንልክ ነው ነገሩ የተለመደው።

«ረሳሁ» ያለው ከዚያው ይበደራል። ግን አጥቦና አጣጥፎ በሁለት ቀን ውስጥ ይመልሳል። ቅጣቱ ይኸው ነው። ካልመለሰ የሚቀጥለው ፈላጊ ባዶ ማንጠልጠያ ያገኛል፤ ይህን ለሱው አሳዩት። ደጋግሞ የሚረሳ ካለ ቀኑን ተመልከቱ። ሁሌ ሰኞ የሚረሳ ልጅ ቅዳሜና እሑድን ሌላ ቤት እያሳለፈ ሊሆን ይችላል።

«አልፈልግም» ያለውን አትፍሩት። በር ላይ ግን አትከራከሩ። «ሐሳብህን ጻፈው፣ ኮሚቴው በሳምንት ውስጥ ይመልስልሃል። እስከዚያ ግን ደንቡን ጠብቅ» በሉት። አለመስማማትና ደንብ ማክበር አብረው እንደሚሄዱ ይማር። መልሱ በሳምንቱ ካልመጣ ግን የተማረው ሌላ ነገር ነው።

የማይደረጉትን በአጭሩ ላስቀምጥ። ለሹራብ ብሎ ልጅን ወደ ቤት መመለስ የለም፤ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል፣ ሹራቡ ግን አልተገኘም። ማንበርከክ የለም። ሱሪ መተልተል፣ ፀጉር በመቀስ መከርከም በፍጹም የለም። ሰዓቱንም አስሉ። 40 ተማሪ እያንዳንዱን 5 ደቂቃ ብታቆሙ በአንድ ጠዋት 200 የትምህርት ደቂቃ ባከነ ማለት ነው። የበር ንግግር ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ፤ የቀረው ለእረፍት ሰዓት ይቆይ።

ስድስተኛ፦ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ

አንዱ መምህር አይቶ ያልፋል፣ ሌላው ለዚያው ነገር ይጮኻል። ተማሪዎች ደንቡን ትተው የመምህራኑን ተራ ያጠናሉ። «ዛሬ በር ላይ ማን አለ?» የሚል ጥያቄ ከሰማችሁ ደንባችሁ ፈርሷል። በየወሩ ለሩብ ሰዓት ተገናኙና ሦስት የገጠሟችሁን ነገሮች አንስታችሁ ምን ማለት ይሻል እንደነበር ተነጋገሩ። እግረ መንገድ የራሳችሁንም ሸሚዝ አንገት እዩት።

ሰባተኛ፦ መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ መርምሩ

የተቀጡትን ቁጥር መቁጠር ምንም አይነግራችሁም፤ በር ላይ የቆመው ሰው ስንፍናም ቁጥሩን ይቀንሰዋል። ሳይጠሩ በራሳቸው ቁም ሣጥኑ ጋ የመጡት ስንት ናቸው? የተበደሩትን አጥበው የመለሱትስ? መዝገቡ ላይ የሚደጋገሙት ያው ስሞች ናቸው? ስም የማይጻፍበት ወረቀት ለተማሪዎች በትኑና ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የትኛው ደንብ ምክንያቱ አልገባህም? ባለፉት ወራት በልብስህ ምክንያት ሰው ፊት ያፈርክበት ቀን አለ? የሁለተኛውን መልስ ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡ።

ብዙ ጥያቄ የተነሳበትን አንድ ደንብ ወደ ተማሪዎቹ ኮሚቴ መልሱ። የእኛ ካልሲው ነበር። እሰርዘዋለሁ ብዬ ገባሁ። አርባ ደቂቃ ተከራከሩበት። በመጨረሻ ሱሪዋን በማስጠበብ የምትታወቀው ልጅ እጇን አወጣች። «ጥቁሩ ይቆይ» አለች። «ሁሉም ካልሲ አንድ ዓይነት ከሆነ አንዱ እግር ቢጠፋ ከሌላው ጋር ይገጥማል። አራት ወንድሞች አሉኝ፤ እኛ ቤት ጠዋት ጠዋት ካልሲ የሚፈልግ ሰው የለም።» ሁሉም ሳቁ፣ ደንቡም ጸደቀ። ያ ነጭ ካልሲ ያደረገው ልጅ ግን ያኔ ተመርቆ ወጥቶ ነበር።